ጎማ በጥንድ ይገዛ

ውድ የማኅበራችን አባሎችና የሓወልቲ ነዋሪዎች፤

በዚህ ጊዜ ልናነሣ የፈለግነው የመኪና ጎማ ጉዳይ ነው። መኪና የሌለው ሰው «እኔን ምን አገባኝ» እንዳይል። በየቀኑ ሚኒባስና ባጃጅ የሚሳፈረው፣ ልጁን አስፋልት አሻግሮ ትምህርት ቤት የሚልከው እሱ ነው።

እንደሚታወቀው ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ነዳጅም መለዋወጫም ጠፍቶ ብዙ መኪና ቆሞ ከርሟል። ጎማ ደግሞ ባይሄድም ያረጃል፤ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። ሰላም ሲሆን መኪናው ተነሣ፤ ጎማውን ሁሉ ባንዴ መቀየር ግን ለብዙው ሰው ከአቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ ካንዱ አንድ፣ ከሌላው አንድ እየተለቀመ አራት ዓይነት ጎማ የተገጠመለት መኪና እናያለን።

የኛ አስተያየት ይሄ ነው፤ አራት መግዛት ያልቻለ ሁለት ይግዛ። የፊቶቹ ሁለቱ እርስ በርሳቸው፣ የኋላዎቹም እርስ በርሳቸው በቁጥር፣ በዓይነትና በጥርስ ጥልቀት አንድ መሆን አለባቸው። አንዱ አዲስ፣ አንዱ የተላጨ ከሆነ ፍሬን ሲያዝ፣ ይልቁንም በዝናብ ጊዜ፣ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል። ይሄ በአምባላጌ ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚያመጣ ለሹፌር አይነገርም።

ሁለቱ አዲሶች የት ይግቡ? ብዙ ሰው ከፊት ይላል። ትክክሉ ከኋላ ነው። የፊቱ ሲንሸራተት መሪው ላይ ይታወቃል፤ የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ሳይታሰብ ይዞራል።

ቁጥሩንም እናንብብ። 195/65 አር 15 ቢል፣ 195 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 65 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደሆነ ነው፤ አር ራዲያል ማለት ነው፤ 15 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ለመኪናው የሚስማማው ቁጥርና የነፋሱ ልክ አብዛኛውን ጊዜ በሹፌሩ በር በኩል ተለጥፏል።

ዋናው መጠንቀቂያ ግን ዕድሜው ነው። ከጎኑ አራት አኃዝ አለ። 1218 ቢል በ2018 12ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ታዲያ 2018 የፈረንጅ ነው እንጂ የኛ አይደለም! በኛ መጋቢት 2010 ዓ.ም. መሆኑ ነው። «የ18 ነው፣ አዲስ ነው» ተብሎ አሮጌ ጎማ የሚገዛ እንዳይኖር።

የሚኒባስና የባጃጅ ባለንብረቶች ሆይ፤ የዕለት ገቢ እየተቀበላችሁ ጎማውን የሹፌሩ ጣጣ አታድርጉት። ሹፌሩ ከኪሱ የሚችለው ማስለጠፍ ብቻ ነው። ጎማው ሲፈነዳ የሚጎዳው ግን ሹፌሩ ብቻ አይደለም፤ ተሳፋሪውና መንገደኛውም ነው።

«ገንዘብ ከየት ይምጣ?» ለሚለው፣ ዕቁብ የኛው ነው። ለሠርግና ለቤት ዕቃ የምንጥለውን ያህል የጎማ ዕቁብ ብንጥል፣ ዕጣ የደረሰው ሁሉ ጥንድ ጎማ ይገዛል። ከወለቁት የተሻለው ስኮርታ ይሆናል። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ያነበበ ላላነበበ ይንገር።

የማኅበሩ ፀሐፊ