ለቀንድ አውጣ የነፍሳት መድኃኒት አይታዘዝ

በክረምት ወራት የጎመንና የሰላጣ ቅጠል ተበልቶ ሲገኝ ወዲያው መርጫ የማንሳት ልማድ አለ። በእኛ አስተያየት ይህ ልማድ መቅረት አለበት። ቀንድ አውጣም ሆነ ቅርፊት የሌለው ዘመዱ ከነፍሳት ወገን ስላልሆኑ፣ ለትልና ለክሽክሽ የተገዛው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ አይገድላቸውም። እንዲያውም ቀንድ አውጣን የሚበሉትን ጢንዚዛዎች ይፈጃል፤ የማኅበሩም ገንዘብ በከንቱ ይወጣል።

ስለዚህ የልማት ሠራተኛው አስቀድሞ ማለዳ ማሳው ላይ ይገኝ። በቅጠሉ ላይ የሚያብለጨልጭ የደረቀ ልሃጭ ካለ አጥፊው ታውቋል። ልሃጭ ሳይኖር ችግኙ ከአፈር አጠገብ ተቆርጦ ከወደቀ ግን ቆራጭ ትል ይጠርጠር።

ለአትክልት ቦታ ከለቀማ የሚበልጥ ዘዴ የለም ብለን እናምናለን። ማታ በባትሪ ብርሃን፣ ወይም እርጥብ ጣውላና ጆንያ በመደቡ ዳር አንጥፎ ጠዋት በመግለጥ ይለቀማል። ጥገኛ ትል ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ በባዶ እጅ አይነኩ። እያንዳንዱ ቀንድ አውጣ ወንድም ሴትም በመሆኑ እንቁላል የማይጥል የለም፤ አንዱ አባል ለቅሞ ጎረቤቱ ቢተወው ድካሙ ብዙም አይጠቅም። ውኃ ማጠጣቱም ከማታ ወደ ጠዋት ይዛወር። አመድ የሚረዳው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ነው፤ በሐምሌ ደግሞ ዝናብ መቼ ይጠፋል!

ሜታልዴይድ የተባለው መርዛማ ማጥመጃ ቀንድ አውጣን ይገድላል። ነገር ግን ውሻና ዶሮም ይገድላል፤ በታላቋ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከቤት ውጭ እንዳይሠራበት ተከልክሏል። ከተገኘ አይረን ፎስፌት ያለበት ይመረጥ። ካልተገኘም ማኅበሩ ለመድኃኒት ከያዘው ገንዘብ ጥቂቱን ለባትሪ ድንጋይ ያውለው።