ውኃው ሳይነጥፍ ቧንቧው ለምን ይደርቃል?

ክረምቱ አልፎ ምንጮች በሚሞሉባቸው በመስከረምና በጥቅምት ወራት የቀበሌው የእጅ ፓምፕ መላላቱን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ወንዙም ምንጩም ቅርብ በመሆኑ ጥገናው “ይደርሳል” ተብሎ ይታለፋል። የካቲት ገብቶ ወንዙ ሲጎድል ግን ያው ፓምፕ ጨርሶ ይቆማል። እናቶችና ልጃገረዶች ጀሪካን አዝለው ወደ ሩቅ ወንዝ ይመለሳሉ፤ ሰውና ከብት ከአንድ ኩሬ ይቀዳሉ። በዚያ ሰዓት ጥገና ፍለጋ መውጣት “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” እንዲሉ ይሆናል።

በ2003 ዓ.ም ገደማ በመላ ሀገሪቱ የተካሄደው የውኃ ተቋማት ቆጠራ፣ ከአራት የገጠር የመጠጥ ውኃ ተቋማት አንዱ ያህል አገልግሎት እንደማይሰጥ አሳይቶ ነበር። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተቀመጠው መለኪያ ለአንድ የገጠር ነዋሪ በቀን 25 ሊትር ውኃ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ማቅረብ ነበር። ተገንብቶ የቆመ ተቋም በሽፋን ሪፖርት ውስጥ ሊቆጠር ይችላል፤ የአርሶ አደሩን ጀሪካን ግን አይሞላም።

የብልሽቱ መነሻ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። በገጠር በስፋት የሚታወቀው አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ድረስ እንዲሠራና ተጠቃሚው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ ነው። የሚያልቁት በዋናነት የጎማና የፕላስቲክ ክፍሎቹ ሲሆኑ፣ እነርሱን በየዓመቱ መለወጥ ከትልቅ ብልሽት ያድናል። ሳይለወጡ ሲቀሩ ግን ውኃ ለማውጣት የሚጠይቀው ጉልበት ይጨምራል፤ በኃይል ሲገፋም ዘንጉና መያዣው ይጎዳሉ። በጥቂት ብር የሚያልቀው ሥራ ሙሉ ፓምፑን ወደ ማውጣት ያድጋል።

በስበት ከምንጭ ወደ ቦኖ በሚወርድ መስመርም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ከምንጩ በላይ ያለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ካልተጠረገ፣ አጥሩ ፈርሶ ከብት ከገባ፣ የምንጩ ሳጥንና የማጠራቀሚያው ጋን ካልታጠቡ ደለል ወደ ቧንቧው ይገባል። አንድ ቀዳዳ በደቂቃ አንድ ሊትር ቢያፈስ በቀን 1 ሺህ 440 ሊትር ይባክናል። ይህም 72 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ በገጠር መለኪያውም ቢሰላ የ57 ሰዎች የቀን ድርሻ ነው።

ይህ ሥራ ለምን ይዘነጋል? አንደኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 የወጣው የሀገሪቱ የውኃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ፣ የገጠር የውኃ ክፍያ የማንቀሳቀሻና የጥገና ወጪን እንዲሸፍን ያስቀምጣል። በአማራ ክልል በፊንላንድ ድጋፍ የተስፋፋው በማኅበረሰብ የሚመራ የውኃ ግንባታ አሠራርም ኅብረተሰቡ ለጥገና የሚውል ገንዘብ እንዲቆጥብ ይጠይቃል። ችግሩ መዋጮው ከግንባታው በኋላ ባሉት ዓመታት መቋረጡ፣ ባይቋረጥም ከገበያው ጋር አለመራመዱ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላር በብር የሚመነዘርበት ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ፓምፕና መለዋወጫ በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው፣ ከዓመታት በፊት የተወሰነ ወርኃዊ መዋጮ ዛሬ ያንኑ ዕቃ አይገዛም።

ሁለተኛው ምክንያት ዕቃውና ባለሙያው ከተበላሸው ተቋም መራቃቸው ነው። የወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ወደ ቀበሌ ለመውጣት ተሽከርካሪ፣ ነዳጅና አስተማማኝ መንገድ ያስፈልገዋል። የጸጥታ ችግር ባለባቸው አካባቢዎች ደግሞ ጉዞው ራሱ ፈተና ነው። ስለዚህ ቀበሌው ውስጥ ቁልፍ ይዞ ጎማ መለወጥ የሚችል ሰውና ቀድሞ የተገዛ መለዋወጫ መኖራቸው፣ ቧንቧው በአንድ ቀን ወይም በአንድ ወር መጠገኑን ይወስናል።

የከተማ ነዋሪም ከዚህ ነፃ አይደለም። በፈረቃ በሚከፈትና በሚዘጋ መስመር ውኃው ሲቋረጥ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል። መገጣጠሚያው የሚያፈስ ከሆነ በዙሪያው ያለው ቆሻሻ ውኃ በዚያው ስንጥቅ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በመንገድ ዳር የሚፈስ ቧንቧ ስለዚህ የብክነት ብቻ ሳይሆን የጤናም ጉዳይ ነው። ነዋሪው ያየውን ፍሳሽ ፈጥኖ ማሳወቁ፣ አገልግሎቱም ፈጥኖ መድረሱ የሚመዘነው በዚህ ነው።

መውጫው ከባድ ምርምር አይጠይቅም። የውኃ ኮሚቴው በጥቅምት፣ በጋው ሳይበረታ፣ ፓምፑን ፈትሾ ያለቀውን መለወጥ፤ ጋኑን ማጠብ፤ ቦዩን መጥረግ ይችላል። መዋጮው በየዓመቱ ከመለዋወጫ ዋጋ ጋር ተገናዝቦ ሊከለስ፣ ገቢና ወጪውም በተጠቃሚው ፊት ሊነበብ ይገባል፤ ሒሳቡን የማያውቅ ሰው ክፍያውን ቢያቆም አያስገርምም። ለመክፈል አቅም የሌላቸው አረጋውያንና ድኃ ቤተሰቦች ከቦኖው እንዳይገለሉም በጉባኤ ሊወሰን ይገባል።

የመንግሥት ድርሻ ደግሞ ከኅብረተሰቡ መዋጮ በላይ የሆነውን መሸከም ነው። የጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ ወይም የጀነሬተር ብልሽት በአንድ ቀበሌ ቁጠባ አይጠገንም። በጀት ሲመደብ አዲስ የተቆፈረው ጉድጓድ ይመረቃል፣ ይዘገባል፤ በጊዜው የተለወጠ ጎማ ግን ምረቃ የለውም። በመጪው የካቲት በቦኖው ፊት የሚሰለፈው ጀሪካን መሙላቱ ወይም ባዶውን መመለሱ ግን በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ምረቃ በሌለው ሥራ ነው።