ከታች የሚገባ ሰው ሲጠፋስ? ኔትወርክ ማርኬቲንግ በነገሌ እና በደቡብ ቆላ ከተሞች

በውስጥ መስመር እየተደጋገመ የሚደርሰን ጥያቄ አለ፦ «ኔትወርክ ማርኬቲንግ ልገባ ነው፣ የትኛው ይሻለኛል? ያዋጣል ወይ?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ እዚሁ በሰፊው ብንነጋገርበት ይሻላል።

ትዕይንቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ነገሌም ይሁን ያቤሎ፣ ሞያሌም ይሁን ሻኪሶ ያው ነው። የድሮ የክፍል ጓደኛ ይደውላል፤ «ቁም ነገር አለ፣ በስልክ አይሆንም» ይላል። ካፌ ትገናኛላችሁ። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ አስገብቷል፣ ማኪያቶውን ራሱ ይከፍላል። ከዚያ ወረቀት አውጥቶ አንድ ክብ ይስላል፣ ከሥሩ ሁለት፣ ከእነሱ ሥር አራት። «አንተ ሁለት ሰው ብቻ አምጣ፣ ሌላው በራሱ ይሠራል።» ስለ ዕቃው ከጠየቃችሁት «እሱ በኋላ ይደረስበታል» ይላል። እኛ እንደሚመስለን ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ነጋዴ ስለ ዕቃው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል እንጂ አያሳልፈውም።

ለምን እዚህ፣ ለምን አሁን? ከ2013 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት በቦረና፣ በጉጂ እና በሊበን ቆላዎች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ የበልጉም የመኸሩም፣ በቦረናዎች አጠራር ገንናውም ሐገያውም። ከብቱ አለቀ። ሃምሳ ከብት የነበረው አባወራ አራት አምስት ይዞ ቀረ፣ አንዳንዱም ባዶ እጁን ከተማ ገባ። ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣው ወጣትም እዚያው ከተማ አለ። በዚያ ላይ ከግንቦት 2013 ወዲህ ቴሌብር መጣ፤ ገንዘብ ካፌ ቁጭ ተብሎ በደቂቃ ይላካል። እንዲህ ባለ ጊዜ «በስድስት ወር ሕይወትህ ይቀየራል» የሚል ሰው ቢሰማ አይገርምም። የሚያሳዝነው የፓኬጁ መክፈያ ብዙ ጊዜ ከድርቁ የተረፈችው ጊደር መሆኗ ነው።

ግልጽ እናድርግ፦ ሰው ለሰው ዕቃ መሸጥ በራሱ ነውር አይደለም፣ ወንጀልም አይደለም። ስማቸው በሀገራችን የተለመደ እንደ ቲያንስ እና ኪውኔት ያሉ ኩባንያዎች በብዙ ሀገር ይሠራሉ። ግን ሀገር ሁሉ እኩል አይቀበላቸውም፤ ለምሳሌ ሩዋንዳ በፈረንጆቹ 2009 ኩዌስትኔትን፣ የዛሬውን ኪውኔት፣ አግዳለች። የኛም ሕግ ዝም አላለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የፒራሚድ ሽያጭን ይከለክላል። በቀላል ቋንቋ፦ ሰውየው ገንዘብ አዋጥቶ ወይም ዕቃ ገዝቶ ከገባ በኋላ ጥቅም የሚያገኘው ሌሎች እንዲገቡ በማድረጉ ከሆነ፣ አይቻልም።

«ንግድ ፈቃድ አለን» የሚለውን መልስ እናውቀዋለን። ፈቃድ ዕቃ ለማስመጣት ወይም ለመሸጥ የሚሰጥ ነው፤ በወረቀት የተሳለውን የክፍያ ፕላን መንግሥት አይቶ አጽድቆታል ማለት አይደለም።

ስለዚህ «የትኛው ይሻላል» ከማለት በፊት የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ለእኔ የሚከፈለው ኮሚሽን ከማን ኪስ ነው የሚወጣው? ዕቃውን ፈልጎ ከገዛ፣ አባል ካልሆነ ሰው ኪስ ከሆነ ንግድ ነው። ከእኔ በኋላ ከገባው ልጅ መመዝገቢያ ከሆነ ግን ሒሳቡ የትም አያደርስም።

ሒሳቡን እንሥራው። እያንዳንዱ ሰው አምስት ሰው ያስገባል እንበል። ከእናንተ ሥር 5፣ ቀጥሎ 25፣ 125፣ 625፣ 3,125፣ 15,625። ሰባተኛው ደረጃ ላይ 78,125 ሰው ያስፈልጋል። በ1999ኙ ቆጠራ የነገሌ ሕዝብ 35 ሺህ ገደማ ነበር። ከተማው አድጓል፣ እሺ፣ እጥፍ አድርጉት። የሚጠቡትን ሕፃናት ጨምራችሁም አይሞላም። ሌላው ሰው የማያየው ደግሞ ይሄ ነው፦ እንዲህ ባለ መዋቅር በየትኛውም ቀን ብታቆሙት፣ ከ100 ሰው 80 ያህሉ የመጨረሻው መስመር ላይ ነው ያለው፤ ከሥሩ ማንም የለም። «ስላልሠሩ ነው የከሰሩት» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ቢሠሩም የሚያስገቡት ሰው አልቋል።

ይህን ልዩነት አሜሪካኖቹም ብዙ ተከራክረውበታል። በ1979 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽናቸው አምዌይ ፒራሚድ አይደለም ሲል፣ ካያቸው ነገሮች መካከል አከፋፋዩ በየወሩ ቢያንስ ለአሥር ደንበኛ ቸርችሮ እንዲሸጥ የሚያዘው ደንብ እና ያልተሸጠ ዕቃ ተመላሽ መሆኑ ነበሩ። በ2016 ደግሞ ሄርባላይፍ 200 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተስማማ፤ ከዚያም አከፋፋዮቹን ሰው በማስገባት ሳይሆን በተረጋገጠ ሽያጭ እንዲሸልም ተገደደ። ቼኩ የደረሳቸው ወደ 350 ሺህ ሰዎች ናቸው። ቋንቋውን ከሚያውቁትና ከኩባንያው ሀገር ከሚኖሩት ይህን ያህል ሰው ከከሰረ፣ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ሰው ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለበት አስቡት።

ወደ ገበያችን እንመለስ። አንድ ብልቃጥ ቫይታሚን 4,000 ብር ነው ቢባል (ለምሳሌ ነው) ነገሌ ገበያ ላይ ያንን አባል ሳይሆን የሚገዛ ማነው? ከመመዝገባችሁ በፊት ዋጋውን ለሦስት ባለሱቆችና ለአንድ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ንገሯቸው። ከሳቁ፣ መልሱን አግኝታችኋል። ዋጋው በዶላር የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያው ፓኬጅ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የደንበኛችሁ ኪስ ግን እጥፍ አልሆነም። «በክሪፕቶ ክፈል» የሚል ከመጣ ጨርሶ አትነጋገሩ፤ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ይህን ለክፍያ መጠቀም ሕገ ወጥ መሆኑን አሳውቋል።

ከሞያሌ ማዶ ያለውን ልምድም እንይ። በኬንያ በ2007 አካባቢ ዴሲ የሚባል ተቋም እና መሰሎቹ ሲፈርሱ፣ መንግሥት ያቋቋመው ግብረ ኃይል ወደ 150 ሺህ ሰው ከ8 ቢሊዮን ሽልንግ በላይ ማጣቱን አረጋግጧል። ዴሲ የተስፋፋው በጋዜጣ ማስታወቂያ አልነበረም፤ በአብያተ ክርስቲያናት በኩል ነው። ገንዘብ ማስገባትን «ዘር መዝራት» ይሉት ነበር። ሰው ያመነው ወረቀቱን ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ነው።

የኛ ስጋት ይሄ ነው። ቦረና እና ጉጂ ውስጥ ሰው በሰው ነው የሚኖረው። ቡሳ ጎኖፋ አለ፤ ከብቱ ያለቀበትን ጎሳው አዋጥቶ መልሶ ያቆመዋል። ነገ ለሚመጣ ድርቅ ይህ መተማመን ከባንክ ይበልጣል። አንድ ልጅ አጎቱን፣ አክስቱን፣ የአማቹን ወንድም አስገብቶ ሲከስሩ የጠፋው የፓኬጁ ዋጋ ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ድርቅ እነዚህ ሰዎች ፊት ቀርቦ «አግዙኝ» የማለት አንደበት ያጣል። በሰርግና በለቅሶ ከዘመድ የሚደበቁ «ሊደሮች» በየከተማው አሉ፤ የሚያስቅ ነገር አይደለም።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁም መሞከር የምትፈልጉ ትኖራላችሁ፣ መብታችሁ ነው። እንደዚያ ከሆነ ሻጭ ሁናችሁ ጀምሩ። ትልቁን ፓኬጅ አትግዙ፤ ትንሹን ወስዳችሁ መጀመሪያ ዘመድ ላልሆነ፣ አባል መሆንም ለማይፈልግ አሥር ሰው ሽጡ። የትራንስፖርቱን፣ የስልክ ካርዱን፣ የስልጠና መግቢያውን፣ የማኪያቶውንም ጭምር ደብተር ላይ ጻፉ። ሦስት ወር ቆይታችሁ ትርፍ ካለ፣ ያኔ ሰው ስለ መጨመር ማውራት ይቻላል። ያልተሸጠ ዕቃ በስንት ቀን፣ በስንት ተቀንሶ እንደሚመለስ በጽሑፍ ተቀበሉ። ከብት ሸጣችሁ ወይም ዕቁብ ወጥቶላችሁ ሙሉውን አታስገቡ። ገንዘባችሁ ተበልቶ ከሆነ ደግሞ የቴሌብር ማረጋገጫውን፣ የቴሌግራም መልእክቱን እና የድምፅ ቅጂውን ሳታጠፉ ወደ ወረዳችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት እና ፖሊስ ሂዱ። «አፕላይኔ ዘመዴ ነው» ብሎ ዝም ማለት ቀጣዩን ሰው ያስበላል።

ዛሬ ማታ ካፌ የቀጠራችሁ ሰው ካለም ሂዱ፣ ማኪያቶውን ጠጡ። ክቡን መሳል ሲጀምር ግን አስቁሙትና ይህቺን ብቻ ጠይቁት፦ «ባለፈው ወር አባል ላልሆነ ሰው ስንት ዕቃ ሸጥክ? ደረሰኙን አሳየኝ።»