ባለ ጥርሱ ሐዲድና የኩዊንስታውን ቤተሰቦች

ባቡር ዳገት አይወድም። የብረት መንኮራኩር በብረት ሐዲድ ላይ መንሸራተት ስለሚቀናው መሐንዲሶች ተራራ ሲገጥማቸው አንድም ይዞሩታል፣ አንድም ይበሱታል። ከአውስትራሊያ ዋና ምድር በስተደቡብ በምትገኘው በታዝማኒያ ደሴት፣ በምዕራቡ ዳርቻ ግን ተራራውን ፊት ለፊት የሚወጣ የእንፋሎት ባቡር አለ። ዛሬ እናትና አባት ልጆቻቸውን ይዘው ለሽርሽር ይሳፈሩበታል። ቀድሞ ግን የሽርሽር ነገር አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባቡሩ እንዴት ይወጣል? ከሁለቱ ሐዲዶች መካከል ጥርስ ያላቸው ሁለት የብረት ዘንጎች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። የአንደኛው ጥርስ ከሌላኛው ክፍተት ጋር ትይዩ ስለሆነ፣ በሎኮሞቲቩ ሆድ ሥር ያለው ጥርሳም መንኮራኩር ምንጊዜም የሚነክሰው ነገር አያጣም። የቀሚሳችሁን ዚፕ አስቡት፤ ጥርስ ከጥርስ ሲያያዝ ወደ ኋላ መንሸራተት የለም። የዘዴው ፈልሳፊ ስዊሳዊው መሐንዲስ ሮማን አብት (1850–1933) ነው። ዳገቱ በጣም በሚብስበት ስፍራ በየ16 ሜትሩ አንድ ሜትር ከፍ ይላል፤ ለመኪና ምንም አይደለም፣ ለባቡር ግን ግድግዳ ነው። ቁልቁለት ሲወርድም ያው ጥርስ ያዝ ያደርገዋል። ከሎኮሞቲቮቹ አንዱ በ1896 ግላስጎው ውስጥ የተሠራ ሲሆን፣ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሮ አሁንም ይጎትታል።

መስመሩን ያሠራው የማውንት ላይል የማዕድን ኩባንያ ነው። ኩዊንስታውን ከተባለችው ከተማ አጠገብ መዳብ ተገኘ፤ መዳቡን ወደ ወደብ ማውጫ መንገድ ግን አልነበረም። ሠራተኞች ጥቅጥቅ ያለውን ጫካ በመጥረቢያ፣ ዓለቱን በዶማና በድማሚት እየፈለጡ ኩዊንስታውንን ቲፑካና ከተባለው የወንዝ ወደብ ጋር አገናኙ፤ መስመሩም በ1897 ተከፈተ። በ1899 ሐዲዱ ስትራሃን አጠገብ እስካለው የባሕር ወደብ ተዘረጋ፤ በጠቅላላው 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ አገር በዓመት ወደ 2,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይጥላል፣ የአዲስ አበባን እጥፍ ማለት ነው። ሠራተኛው ማታ የሚያወልቀውን ልብስ ማድረቅ ለባለቤቱ ምን ያህል ፈተና እንደነበር የቤት እመቤቶች ሳይነገራችሁ ታውቁታላችሁ።

ከዋና ከተማዋ ከሆባርት ወደ ኩዊንስታውን የመኪና መንገድ የገባው በ1932 ነው። እስከዚያ ድረስ መዳቡ በባቡር ይወጣል፤ ዱቄቱ፣ ጨርቁ፣ ደብዳቤው በባቡር ይገባል። ሐዲዱ በጎርፍ ወይም በናዳ ሲቆረጥ የሚጎድለው የኩባንያው ትርፍ ብቻ አልነበረም፤ የጓዳውም ዕቃ ነበር።

ይህ ባቡር ለቤተሰቦች ምን እንደነበረ ከሁሉ ይበልጥ የታየው በጥቅምት ወር 1912 ነው። በወሩ 12ኛ ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በኩባንያው በኖርዝ ላይል ማዕድን ውስጥ ከመሬት በታች 200 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ በሚገኘው የፓምፕ ክፍል እሳት ተነሣ። ከ160 በላይ ሰዎች ጉድጓድ ውስጥ ነበሩ። ጭሱ ብዙዎቹን መውጫ አሳጣቸው። የመተንፈሻ መሣሪያ ከአውስትራሊያ ዋና ምድር ባሕር ተሻግሮ በመርከብ መጣ። ከወደቡ ጀምሮ በሌሊት በልዩ ባቡር ተጓዘ፤ የመጨረሻውን ዳገት የወጣውም በዚሁ ባለ ጥርስ ሐዲድ ነው። ሚስቶችና እናቶች ከጉድጓዱ አፍ አልተነሡም። ረቡዕ ዕለት ከ50 በላይ ሰዎች በሕይወት ወጡ። 42 ግን ሞቱ። ከመካከላቸው አንዱ ሞቱ መቅረቡን ባወቀ ጊዜ ለሚስቱ የስንብት ቃል ጽፎ ትቶላት ተገኘ። መንግሥት ያቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን የእሳቱን መነሻ በእርግጠኝነት ሊናገር አልቻለም። እንግዲህ ባል የሞተባት ሴት ልጆቿ «አባታችንን ማን ገደለው?» ቢሏት የምትመልሰው አልነበራትም።

ባቡሩ በ1963 ቆመ። መኪና ረከሰ፣ የሐዲዱ ጥገና ከበደ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሐዲዱ ተነቀለ፣ ድልድዮቹም ተበላሹ። በኋላ ግን የአካባቢው ሰው ባቡራችን ይመለስልን ብሎ ስለወተወተ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ከ20 ሚሊዮን በላይ የአውስትራሊያ ዶላር ሰጥቶ በ2002 መስመሩ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ።

ወደዚያ የምትሄዱ ወይም በአውስትራሊያ ዘመድ ያላችሁ ካላችሁ ጥቂት ልንገራችሁ። የዝናብ ልብስ ሳትይዙ አትሳፈሩ፤ ነጭ ልብስም አይመከርም። ሕፃናት እጃቸውን በመስኮት እንዳያወጡ ያዟቸው፤ ጫካው ከፉርጎው ጎን ለጎን ነው። ሊንችፎርድ በተባለው ጣቢያ ልጆች በሳሕን አሸዋ እያጠቡ ወርቅ ይፈልጋሉ። በዚያ ጫካ ውስጥ ሁዎን ጥድ የሚባል፣ ከ2,000 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችል ዛፍ አለ። ሌዘርዉድ የተባለው ዛፍ ደግሞ በበጋ ነጭ አበባ ያወጣል፣ ከእርሱ የሚቆረጠው ማር ሽታው ቅመም ቅመም ይላል። ማር የሚያውቅ ሰው ሳይቀምሰው ባይመለስ ጥሩ ነው።

ልጆች አንድ ነገር መጠየቃቸው አይቀርም፦ ከተማው ዙሪያ ያሉት ኮረብቶች ለምን ራቁታቸውን ሆኑ? ዛፉ ለምድጃ ተቆረጠ፤ መዳቡ ሲቀልጥ የሚወጣው የድኝ ጭስ የተረፈውን አደረቀ፤ አፈሩን ዝናብ አጥቦ ወሰደው። ከምድጃው የባሰው ወንዙ ላይ የደረሰው ነው። እስከ 1994 ድረስ ወደ 100 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ የማዕድን ዝቃጭ ወደ ኩዊን ወንዝ ተደፋ፤ ባቡሩ አጠገቡን ሲያልፍ ውኃው ቡናማ ሆኖ ይታያል። የከተማው የእግር ኳስ ሜዳ ሣር የለውም፣ ጠጠር ነው፤ የተጫዋቾቹ እናቶች ስለ ቆሰለ ጉልበት ብዙ ያውቃሉ።

የመዳብ ማቅለጫው በ1969 ከተዘጋ ወዲህ ኮረብቶቹ ቀስ በቀስ ቁጥቋጦ እያበቀሉ ነው። የሚገርመው፣ ከነዋሪዎቹ መካከል ራቁቱን ኮረብታ ለምደነዋልና ይቅር፣ እንግዳም የሚመጣው እርሱን ሊያይ ነው የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ይብቀል ይላሉ። ቁጥቋጦው ግን ማንንም ሳይጠብቅ ወደ ላይ እየወጣ ነው።