የለይቶ ማቆያው ሒሳብ የማን ነው?

ለጤና ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በወረርሽኝ ጊዜ ከውጭ ለሚመለሱ ዜጎች የለይቶ ማቆያን ወጪና አያያዝ ስለመወሰን

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

በ2012 ዓ.ም. ከአረብ አገር ተመላሾች ባረፉበት አንድ ለይቶ ማቆያ በነርስነት አገልግያለሁ። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ ወረርሽኝ ተመልሶ ሲመጣ፣ ወደ አገሩ የሚገባ ኢትዮጵያዊ ለይቶ ማቆያ በመግባቱ ገንዘብ እንዳይጠየቅ ከአሁኑ በመመሪያ ደንግጉልን።

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ይፋ ሆነ። ከመጋቢት 14 ጀምሮ ደግሞ ወደ አገር የሚገባ መንገደኛ ሁሉ በተመረጡ ሆቴሎች፣ በራሱ ወጪ፣ አሥራ አራት ቀን እንዲቆይ ተወሰነ። ለይቶ ማቆየቱ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን እደግፈዋለሁ። የምከራከረው በሒሳቡ ላይ ነው።

ያን ሰሞን ሳዑዲ ዐረቢያ ወገኖቻችንን በአውሮፕላን እየጫነች ትልክ ነበር። እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ገቡ። በኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች አስተባባሪ የነበሩት ካትሪን ሶዚ፣ በጅምላ ማባረሩ ለጊዜው እንዲቆም በይፋ እስከመጠየቅ ደርሰዋል። አገራችን ግን በሯን አልዘጋችም። ተማሪዎቻቸውን ወደ ቤት የላኩ ዩኒቨርሲቲዎች ዶርማቸውን ከፈቱ፤ ከተመላሾቹም የአልጋ አልተጠየቀም። ይህ የሚያኮራ ሥራ ነበር። በችኮላና በጎደለ ዕቃ እንኳ እንደሚቻል ያየሁት እዚያ ነው።

ቤይሩት ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ብዙ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል አቆሙ። በግንቦት ማብቂያና በሰኔ ላይ ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ። እህቶቻችን ሻንጣቸውን ተንተርሰው መንገድ ዳር አደሩ። ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር በሚያስረው ከፋላ በተባለ አሠራር የብዙዎቹ ፓስፖርት በአሠሪ እጅ ነበር። ወደ አገር የመመለሻ ጥሪ ሲመጣ ደግሞ ከትኬቱ በተጨማሪ አዲስ አበባ ላይ የሚጠብቃቸው የለይቶ ማቆያ ወጪ በዶላር ተደምሮ ቀረበላቸው። የወራት ደመወዟን የተከለከለች ልጅ ዶላሩን ከየት ታምጣ? ሐምሌ 28 ቀን የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ ከእነዚያ ሴቶች ብዙዎቹ ገና እዚያው ነበሩ።

አንድ ጤነኛ የሚመስል ሰው ለአሥራ አራት ቀን ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ለራሱ የሚያተርፈው እምብዛም የለም። በሽታው ካለበት ክፍሉ ውስጥም ያመዋል፤ ከሌለበት ጊዜውን ከስሮ ይወጣል። የምንጠቀመው እኛ ነን፦ ጎረቤቱ፣ ገበያተኛው፣ ከእሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የምታድረው አያቱ። ለእኛ ደኅንነት ሲባል የተዘጋበትን ሰው መልሰን የአልጋህን ክፈል ማለት ፍትሕ ሆኖ አይታየኝም። ለጤና ጥበቃም አይበጅም። ክፍያው ያስፈራው ሰው በቦሌ መምጣቱን ትቶ በመተማ፣ በሞያሌ ወይም በደወሌ በኩል ሙቀት የሚለካ ሰው በሌለበት ጫካ ይሻገራል።

ደግሞስ ሕጉ አለን። እ.ኤ.አ. በ2005 የጸደቀውና ኢትዮጵያም የምትገዛበት ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ፣ በአንቀጽ 40 ላይ አባል አገሮች መንገደኛን ለይተው በማቆየታቸው ክፍያ እንዳይጠይቁ ይደነግጋል። ከዚህ የሚያወጣው ጊዜያዊ ወይም ቋሚ መኖሪያ ፈልገው የሚመጡትን ነው። ወደ እናቷ ቤት የምትመለስ ልጅ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ ጠያቂ አይደለችም። እርግጥ ያስከፈልነው እኛ ብቻ አይደለንም፤ አውስትራሊያና እንግሊዝም የሆቴሉን ሒሳብ በመንገደኛው ላይ ጥለዋል። የእነሱ ማድረግ ግን አንቀጹን አይሽረውም።

የዚሁ ደንብ አንቀጽ 32 ተለይቶ ለሚቆይ ሰው በቂ ምግብና ውኃ፣ ማረፊያ፣ ሕክምና፣ የዕቃ ጥበቃና ከሌሎች ጋር የሚገናኝበት መንገድ እንዲመቻችለት ያዛል። ይህ የመጨረሻው በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። እኔ በሠራሁበት ቦታ ግን በየቀኑ የምንጠየቀው እሱን ነበር። የብዙዎቹ ስልክ ሳዑዲ ውስጥ እስር ቤት ሲገቡ ተወስዷል፤ ስልክ የያዙትም ሲማቸው የሳዑዲ ነው። የአንድ ፎቅ ሰው በሠራተኞች ስልክ ተራ እየጠበቀ ደሴ፣ ጅማ፣ አዲግራት ይደውል ነበር። ልጇ የት እንዳለች ለወራት ያልሰማች እናት «አገር ገብቻለሁ» ስትባል የምታሰማውን ልቅሶ አልረሳውም። አንድ ሲም ካርድ ከአንድ ቀን ምሳ አይበልጥም። መንገደኛዋ ከአውሮፕላን ስትወርድ ሙቀቷ በሚለካበት ጠረጴዛ ላይ ይሰጣት።

የደረሰባቸውን ለወንድ ባለሙያ መናገር የማይችሉ ሴቶችም ነበሩ፤ በየፎቁ ሴት ነርስና የሥነ ልቦና ባለሙያ ያስፈልጋል። ሲወጡ የሚሰጣቸው ወረቀትም ቀበሌውም ጎረቤቱም አንብቦ እንዲረዳው ሆኖ ይጻፍ። «ኮሮና ይዛ መጣች» ተብላ በሰፈሯ የተገለለች ልጅ ደውላልኛለችና።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆቴል መርጦ የሚገባ ሰው ለምቾቱ ይክፈል፤ አልቃወምም። መንግሥት የሚያቀርበው ማደሪያ ግን ለሁሉም ነጻ ይሁን፤ ለዚህም በአደጋ ጊዜ በጀት ውስጥ መደብ ይከፈትለት፤ ከዩኒቨርሲቲዎችም ጋር ውሉ በደኅናው ጊዜ ይታሰር። ወረርሽኝ ሲገባ የማብሰያ ድስት ፍለጋ መሯሯጥ ምን እንደሚመስል አይተናል።

እንዲህ ያለ መመሪያ ተረቅቆ ከሆነ ለሕዝብ ውይይት አቅርቡት። ካልተጀመረም መቼ እንደሚጀመር በጽሑፍ አሳውቁን። ስታረቅቁት ተመላሾቹንና በለይቶ ማቆያ የሠራን ባለሙያዎችን ጥሩን፤ እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር
በ2012 ዓ.ም. በለይቶ ማቆያ ያገለገለች ነርስ