የነቢዩ ሒሳብ ቁጥር

«ዘንድሮ መኪና ይሰጥሃል» የሚለው ነቢይ ከትንቢቱ ሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ያስቀምጣል። «ዘር ዝራ» ነው ነገሩ። መኪናው ካልመጣስ? እምነትህ ጎድሏል! ነቢዩ በየትኛውም መንገድ አይከስርም።

ይህን ከእግዚአብሔር ጋር መኖር ብሎ መጥራት ድፍረት ነው። ሰው ከአባቱ ጋር እንዲህ አይኖርም፤ እንዲህ የሚኖረው ከደላላ ጋር ነው።

የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ዘመን ደጋግመው ታስረዋል። ከአገር የመውጣት ዕድል ሲቀርብላቸው ሕዝባቸውን ትተው ለመሄድ እምቢ አሉ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ገደማ በእስር ማቀቁ፤ እምነታቸውን ግን አልጣሉም። በዛሬዎቹ ነቢያት ሚዛን እነዚህ ባልና ሚስት «ያልተባረኩ» ናቸው።

«ታዲያ እግዚአብሔር ድሃ እንድንሆን ይፈልጋል?» የሚል መልስ ይመጣል፤ ሁሌም ይመጣል። ማን አለ? የሰው ሥጋና ነፍስ አይነጣጠሉም ብላ በ1964 ዓ.ም. ለውጭ አጋሮቿ የጻፈችው ያችው የጉዲና ቤተ ክርስቲያን ናት። እንጀራ መለመን ነውር የለበትም፤ አባታችን ሆይ ውስጥም አለ። እዚያ ግን ከእንጀራው በፊት የእርሱ ፈቃድ ይለመናል። ነቢያቱ ይህን ቅደም ተከተል ነው የገለበጡት።

የቤት ኪራይ ጎድሎባት፣ ሌሊት ተንበርክካ ጸልያ፣ ልቧ አርፎ የምትነሳ እናት በየሰፈሩ አለች። ለእሷ ትንቢት የሚልክላት የለም፤ የምትዘራው የላትማ።