ኮዱንስ ጻፋችሁ፣ ገበያውንስ?

ነገሩ ወዲህ ነው። በሰፈሬ አንድ ወጣት አለ። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቋል፤ እጁ ወርቅ ነው። አንድ የመርካቶ ነጋዴ ድረ ገጽ እንዲሠራለት ጠርቶት «ልጄ፣ ስንት ትላለህ?» ሲለው «ጋሼ፣ የፈለጉትን ይስጡኝ» አለ። አለቀ! በዚች ቃል የሁለት ወር ልፋቱን በገዛ እጁ አረከሰው። ውል የለ፣ ቅድሚያ ክፍያ የለ፣ ሥራው የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ የተጻፈ ነገር የለ።

ገጹ አምሮ ወጣ። ግን ምን ዋጋ አለው? ነጋዴው የፈለገው የክፍለ ሀገር ደንበኞቹ ዋጋ ለመጠየቅ ሲደውሉለት እንዳይውሉ ነበር። ልጁ ይህን ስላልጠየቀ የሚሽከረከር ሥዕል ሠርቶ አስረከበው። የዕቃ ዋጋ የሚባል ነገር የለበትም!

ከዚያ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። መንግሥት የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀና በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ድረ ገጹ ያረፈበት ሰርቨር ኪራይ የሚከፈለው በዶላር ነው። ልዩነቱን ማን ይክፈል? የተጻፈ ነገር የለም። ሁለቱም ተኳረፉ፣ ገጹ ተዘጋ፣ ነጋዴውም ወደ ቴሌግራም ቻናሉ ተመለሰ።

«እኔ ባለሙያ ነኝ እንጂ ደላላ አይደለሁም» የሚሉ አሉ። እረዳቸዋለሁ። ሁላችንም «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን ነው ያደግነው፤ ስለ ገንዘብ ማውራት ነውር፣ ራስን ማስተዋወቅ ጉራ ይመስለናል። ግን መሸጥ ማለት መዋሸት ነው ያለው ማነው? ሐኪም እንኳ «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ሳይል መድኃኒት አያዝም። መሸጥ ማለት ይኸው ነው፦ የደንበኛውን ችግር መጠየቅ፣ መፍትሔውን እሱ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት፣ ወጪን አስልቶ ዋጋ መቁረጥ፣ መፈራረም፣ ካስረከቡም በኋላ ተመልሶ «እንዴት ሆነ?» ማለት።

«ኮዱን አንዱ ይጻፍ፣ ሌላው ይሽጥ» የሚለውም ለትልቅ ድርጅት ይሆን ይሆናል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻውን በአንድ ላፕቶፕ የሚሠራ ልጅ የሽያጭ ክፍሉን ከየት ያመጣዋል? ነጋዴው «ፌስቡክና ቲክቶክ በነፃ እያለ ለምን ልክፈልህ?» ባለው ቁጥር መልስ ያስፈልገዋል። መልሱም አለ፦ ያ ገጽ የሰው ቤት ነው፤ ባለቤቱ ሲዘጋው ደንበኛህም አብሮ ይጠፋል። ይህን የሚናገር ሲጠፋ ገበያው ቅድሚያ ክፍያ ተቀብለው ስልካቸውን ለሚያጠፉ አፈ ጮሌዎች ይቀራል።

ወደ መንግሥት ልምጣ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር «የ5 ሚሊዮን ኮደሮች» ሥልጠና በከበሮ ተጀመረ። ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ፣ የመረጃ ትንተና፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ! ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን ዋጋ አወጣጥስ? ውልስ? ደንበኛ ማግኘትስ? ሠርተፊኬት ይዞ ቤቱ የሚቀመጥ ወጣት ቁጥር ሆኖ ለሪፖርት ያምር ይሆናል እንጂ እናቱን አይጦርም።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ የትኛው የሽያጭ ጥበብ ነበር የሚያድነው? «ሥራ ፍጠሩ» እያሉ መስመር መቁረጥ በሬውን ጠምዶ ሞፈሩን መስበር ነው! ወጣቱ መሸጥ ይማር፤ መንግሥትም የገበያውን በር አይዝጋ።

ለእናንተ ለልጆቻችን ግን አንድ ነገር ልበል። ነገ አንድ ነጋዴ ስንት እንደምትጠይቁ ሲያናግራችሁ «የፈለጉትን» አትበሉ። መጀመሪያ «ጋሼ፣ ምን ቸገረዎት?» በሉት። ቀጥሎ ዋጋችሁን ንገሩት፤ ከዚያም በወረቀት ላይ አስፍሩት።

ልብ ያለው ልብ ይበል!